ሕጉ አንድ ሰው ይለናል

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ዛሬም ድንች። ከምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ወጥቼ ሌላ ወጥ ቤት... የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ተሰብስበን ፒሮጊ እንሠራለን። ሊጡን በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ ድንችና አይብ መጨመር፣ ጠርዙን በጣት ቆንጥጦ መዝጋት። ጾም ሲገባ ዓርብ ዓርብ ይሸጣል። ገንዘቡ ለጣሪያው መጠገኛ ነው። ጣሪያው እኔ ካገባሁ ጀምሮ ያፈሳል።

ኢርማ እንደ ልማዷ አላስቀመጠችኝም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን፣ ምላሷ ግን አንድ ቀን አርፎ አያውቅም።

"በርናዲን፣ ያንቺ ፒሮጊ ድስት ውስጥ አፉን ይከፍታል። እንዳንቺ ዝም ቢል ምናለ?"

"ምን ላውራ?"

"ሰውዬሽ ደወለ?"

"አልደወለም።"

"እኔ አንቺን ብሆን..."

አላስጨረስኳትም። እሷ እኔን ብትሆን ምን እንደምታደርግ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ።

ቤት ስደርስ ስልኩ ይጮኻል። ኮቴን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ምንጣፉን በበረዶ ጫማዬ አጨቀየሁት።

"ወይዘሮ ዋሲልኮ? ደስቲን ነኝ፣ እንደምን ዋሉ? ሚስተር ቼስተር ዋሲልኮ አሉ?"

"የለም" ብዬ ዘጋሁት።

የባሌን የቼትን የክሬዲት ካርድ ዕዳ የገዛው ድርጅት ሰው ነው። ድምፁ ማር ነው፣ ልጅ ነገር። በዚህ ሰዓት የሚደውለው እሱ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን እሮጣለሁ? እስካነሳው ድረስ ቼት ሊሆን ይችላላ...

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ብርድ። ማሞቂያው ምድር ቤት እያንኳኳ አደረ። ቼት ቢኖር በአንድ ቡጢ ዝም ያሰኘው ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

ኢርማ በግድ ጎትታ ወሰደችኝ። የነጻ ሕግ ድጋፍ ቢሮ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት። ጠበቃዋ ሚስ ደልቬኪዮ ትባላለች። የልጄ የጁዲት እኩያ ብትሆን ነው። እንዳየኋት "ይህቺ ናት?" አልኩ በሆዴ።

"ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለችኝ።

ከመጀመሪያው... ባሌ መጋዘን ነበር የሚሠራው። ቀነሱት። አልነገረኝም። ጠዋት ጠዋት ምሳውን ቋጥሬ እሰጠዋለሁ፣ ስሞኝ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ለካ ሥራ የሚባል ነገር የለም። የቤቱ ወጪ ሁሉ ከክሬዲት ካርድ ነበር። አስቤዛው፣ የማሞቂያው ነዳጅ፣ የጁዲት ሠርግ። ካርዱ በእሱ ስም ብቻ ነው። እኔ ያወቅኩት የሸሪፉ ሰው የክስ ወረቀት ይዞ ደጃፌ ላይ ሲቆም ነው። ያን ቀን ቼት ቀና ብሎ ሊያየኝ አቃተው። አልጮህኩበትም። ብጮህ ይሻለው ነበር መሰለኝ። በማግስቱ ልብሱን በከረጢት ይዞ ወንድሙ ስታሽ ጋ ገባ፣ ከጎሚስታው በላይ ካለችው ክፍል። እዚያው ጎማ ይጠግናል።

ይህን ሁሉ ለማላውቃት ልጅ ዘረገፍኩት። ኢርማ አንዴ እንኳ አላቋረጠችኝም። ጉድ ነው።

"ቤቱን ይወስዱብኛል?" አልኳት። የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ስንገዛው አባቴ ያገዘን ቤት ነው፣ ጁዲት ያደገችበት።

"ስትገዙት ተጋብታችሁ ነበር? በሁለታችሁ ስም ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አይነኩትም።" ወረቀቷን ወደ ጎን አደረገችና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "እዚህ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ባልና ሚስት አብረው የገዙት ቤት ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእሷ አይባልም። ሕጉ እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራችሁ። ዕዳው የባለቤትዎ ብቻ ነው፣ ቤቱ ግን የሁለታችሁ ነው። ስለዚህ ለእሱ ዕዳ ብለው ሊሸጡት አይችሉም። ደሞዙንም አይቆርጡበትም፣ ለካርድ ዕዳ ደሞዝ መቁረጥ እዚህ አይፈቀድም።"

"ተለያይተን ነው የምንኖረው እኮ።"

"ሕጉ የት እንደምታድሩ አይጠይቅም። ጋብቻው እስካለ አንድ ሰው ናችሁ። ሁለት ነገር ግን እንዳይሳሳቱ። ዕዳው ላይ አብረው እንዳይፈርሙ፣ ከፈረሙ ዕዳው የሁለታችሁ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ እንዳይፋቱ። በተፋታችሁ ማግስት ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፣ በእሱ ድርሻ ይመጣሉ።"

ስለ ስልኩም ነገረችኝ። አትደውሉልኝ ብዬ በጽሑፍ ከላክሁ በሕግ መደወል ያቆማሉ። ደብዳቤውን እዚያው ጽፋ ሰጠችኝ። መፈረምና ፖስታ ቤት ማድረስ ብቻ ነው የቀረኝ።

አንድ ሰው። በአውቶቡስ ስመለስ ይህችኑ ቃል ሳመላልስ ፌርማታዬን አለፍኩ። ቤት ገብቼ ከቁም ሳጥኑ አንድ ሳህን አወጣሁ። አንድ ሹካ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24

ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። ፈርሜያለሁ። አልላክሁትም። ደስቲን ካልደወለ ማን ይደውላል? ስልኩ ዝም ካለ በቃ ዝም አለ ማለት ነው... ጅል ነኝ። ኢርማ እንዳትሰማ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቼትን አየሁት። ከኋላ፣ ከማሞቂያው ራዲያተር አጠገብ ይቀመጣል። የሸሚዙ ኮሌታ አልተተኮሰም። ቅዳሴው ሳያልቅ ይወጣል፣ ከእኔ ጋር በር ላይ እንዳይገናኝ። ዛሬም ወጣ። ዞር ስል ጀርባውን ብቻ አገኘሁት።

ተናደድኩበት። ከዚያ የኮሌታው ነገር አንጀቴን በላው። ቤት ገብቼ መተኮሻውን አወጣሁና የምተኩሰው ሳጣ የጠረጴዛ ልብስ ተኮስኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ደስቲን ዛሬ ቶሎ አልዘጋም። ስለ አየሩ ጠየቀኝ። ከዚያ፦

"ወይዘሮ ዋሲልኮ፣ ባለቤትዎን መርዳት አይፈልጉም? ብቻቸውን ተሸክመውት እኮ ነው።"

"እንዴት አድርጌ?"

"አንድ ወረቀት ልላክልዎ። ከእሳቸው ስም አጠገብ ስምዎን ማስፈር ብቻ ነው። በወር ትንሽ ትንሽ፣ አብራችሁ።"

አብራችሁ... አሁን ይህ ልጅ ሰው የሚወጋበትን ቦታ በየት አወቀው?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ወረቀቱ መጣ። የጠበቃዋ ነገር አልጠፋኝም። "አብረው እንዳይፈርሙ" ነው ያለችው።

ግን ወረቀቱ ላይ "ቼስተር ዋሲልኮ" ይላል፣ ከጎኑ ባዶ መስመር። ስማችን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ከተጻፈ ስንት ጊዜው? የጁዲት የሠርግ ጥሪ ይመስለኛል የመጨረሻው። ደግሞስ እኔ ከዚያ ካርድ አልበላሁም? ያ ሁሉ አስቤዛ በማን ሆድ ገባ? ክረምቱን ማን ሞቀው? ሕጉ ዕዳው የእሱ ብቻ ነው ይበል እንጂ እኔ ራሴን አውቃለሁ።

እስክሪብቶ አነሳሁ። "በ" ብዬ ጀመርኩ። "በር" ላይ ደረስኩ።

ማሞቂያው ከታች ማንኳኳት ጀመረ። ምን ነካሽ ያለኝ መሰለኝ። ጁዲት ያደገችበትን ቤት ለዚህ ማር ምላስ ላስረክብ? ቀዳድጄ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ኢርማ ዛሬ ሊጡን ሳይሆን እኔን ነው የዳጠችኝ።

"ልነግርሽ አልፈልግም ነበር" አለች። እንዲህ ብላ ስትጀምር ልትነግረኝ ሞታለች ማለት ነው። "ቼትን ከጆአን ጋር አዩት።"

"ከየትኛዋ ጆአን?"

"ከባለ ቀይ ኮቷ። ባሏ የሞተባት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ፣ ቢንጎ ጨዋታ ላይ። በመኪናዋ ነው የሄዱት አሉ።"

"ይሂዱዋ!"

"ወይ አንቺ! ይሂዱ ብላ አረፈችው!"

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ፒሮጊ ሁሉ ድስት ውስጥ ተፈታ። ኢርማ አይታ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ከቅዳሴ በኋላ ስታሽ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ። ኮፍያውን አውልቆ። ስታሽ ኮፍያውን ያወለቀው እናታቸው የተቀበሩ ቀን ብቻ ነው።

"ታሟል?"

"ኧረ ደህና ነው። በርኒ... ቼት መልእክት ልኮኝ ነው።"

"ምን አለ?"

"እንፋታ ብሏል። ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ፣ እሷ ምንም አትክፈል ብሏል።"

"ራሱ ለምን አልመጣም?"

"ታውቂው የለ እንዴ።"

አውቀዋለሁ። አውቀው ነበር። እንዴት እንደመጣሁ አላስታውስም፣ ቤት ገባሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ቼት፣ ከተፋታን ቤቱን ይወስዱታል።" ይህን ብነግረው ነገሩ አለቀ። ይቀራል። ቼት እኔን ሜዳ ላይ አይጥልም፣ በመድኃኔ ዓለም። ወረቀቱን ቀዶ ባሌ እንደሆነ ይቀጥላል።

ግን እንዲህ ሆኖ የቀረ ባል ምን ያደርግልኛል? ስታሽ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ ልቡ ቀይ ኮት ጋ ሆኖ፣ ለጣሪያና ለግድግዳ ብሎ ባሌ የሆነ? እኔ የናፈቀኝ እኮ ራሱ ቼት ነው። ሲያንኮራፋ፣ ቡናውን ፉ እያለ ሲምግ፣ ጋዜጣውን እየገለጠ ሲያነብልኝ።

አልነግረውም። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ጾም ገባ። እንደ ጾም መግቢያው ልማድ አባ ግንባሬ ላይ አመድ ቀቡኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ "ሚስ በርኒ፣ ፊትሽን አልታጠብሽም" አሉኝ። ሳቅሁ። ዛሬ የሳቅሁት ይህችን ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 14

ሽያጭ። ሰልፉ እስከ ደረጃው። እኔ መስኮቱ ላይ ነኝ፣ አጎንብሼ እያሸግሁ።

"ስንት?"

"ግማሽ ደርዘን።"

ድምፁን ሳውቀው እጄ ሽፋኑ ላይ ቀረ። ቼት። ድሮ አንድ ደርዘን ነበር፣ ለሁለታችን። ከሳ። ጣቶቹ በጎማ ጠቁረዋል። ከኋላው ሰው ይገፋል።

"ስታሽ ነገረሽ?"

"ነግሮኛል።"

"ቅዳሜ ሳምንት፣ ድልድዩ ጋ ያለው ምግብ ቤት? ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።"

"እሺ።"

"በርኒ..."

"ሰው እየጠበቀ ነው ቼት።"

ሁለት ጨመርኩለት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከላይ የሚደረገውን የተጠበሰ ሽንኩርትም በደንብ አድርጌ።

ዓርብ፣ ማርች 21

ነገ። ሰማያዊውን ሹራብ አወጣሁ። መልሼ ሰቀልኩት። ለፍቺ ምን ይለበሳል? ጁዲት ከኦሃዮ ደውላ "እማዬ፣ ቤቱስ?" አለችኝ። "ቤት ቤት ነው" አልኳት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

የት እንደምገባ አስቤያለሁ። ኢርማ ትርፍ ክፍል አላት። ከምላሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር... እግዜር ይሁነኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ሁሉንም ልጻፈው፣ ኋላ ሕልም ነበር እንዳልል።

ቀድሞ መጥቶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶታል፣ ግማሽ ኮሌታ ብቻ። ሰማያዊውን ሹራብ ለብሼ ነበር በመጨረሻ። አየው። ምንም አላለም። አስተናጋጇ ቡና ቀዳችልን።

ወረቀቱን አወጣ። ከኢንተርኔት ያወረደው ነው። የሚፈረምበት ቦታ ሁሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጓል። ቼት እንዲህ ነው፣ ብርድ ልብስ ማጠፍ እንኳ ቢሆን ነገር ሲያሰናዳ ያምርበታል።

"እዚህ፣ እዚህና እዚህ" አለኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከዚያ አፌ አላስችል አለው።

"ጆአን ጥሩ ሴት ናት አሉ።"

"የትኛዋ ጆአን?"

"ቼት፣ በሞቴ አታሹፍብኝ። ባለ ቀይ ኮቷ። ቢንጎው።"

"ጆአን?!" ቡናው ትን ሊለው ነበር። "አዳራሹ ደጃፍ ጎማዋ ተንፍሶ ጠርታኝ ነው እንጂ! ሠርቼላት በመኪናዋ መለሰችኝ። ውሻዋ ከኋላ ወንበር አንገቴን እየላሰኝ... ማነው እንዲህ ያለሽ? ኢርማ?"

"ታዲያ ለምንድነው የምትፈታኝ?"

መስኮቱን አየ። በጣቱ የስኳር ዕቃውን ያሽከረክራል።

"ለቤቱ ነዋ" አለኝ።

"ምን?"

"ዕዳው የኔ ነው። እስከ መቼ ስሜ ስምሽ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል? አንድ ቀን መጥተው ቤቱን አምጪ ይሉሻል። ጎማ ሊያስቀይር የመጣ ሰው ነው የነገረኝ። ከተፋታችሁ አንተ ሌላ፣ እሷ ሌላ፣ ቤቷን ማንም አይነካባትም አለኝ። በቀየርኩለት ውድ ጎማ ስገምተው አዋቂ ይመስል ነበር።"

እኔ ምን እንደነካኝ... ሳቅሁ። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ማቆም አቃተኝ።

"በርኒ? በርኒ፣ ምን አልኩ?"

"ተቃራኒው ነው ቼት! ተቃራኒው! የተፋታን ቀን ነው የሚወስዱት። እስካልተፋታን ማንም አይነካውም። ሕጉ አንድ ሰው ናችሁ ይላል። ጠበቃ ጋ ሄጄ ነው የጠየቅኩት።"

ወረቀቱን አየ። እርሳስ ያደረገባቸውን ቦታዎች ተራ በተራ አያቸው።

"መቼ ነው የጠየቅሽው?"

"ጃንዋሪ።"

"ይኸን እያወቅሽ... ልትፈርሚ ነበር?"

"ልፈርም ነበር።"

"ቤትሽን?!"

"መሄድ ከፈለግህ በቤት አስሬ ላስቀርህ? ባዶውን ቤት ምን ላድርገው?"

አስተናጋጇ መጥታ ሁኔታችንን አይታ ተመለሰች። ከዚያ ቼት ወደ ጠረጴዛው እያየ፦

"ምሳዬን የት እበላ እንደነበር ታውቂያለሽ? ያኔ፣ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ። ወንዙ ዳር መኪና አቁሜ። ሳንዱቹን ስፈታ ናፕኪኑን አጣጥፈሽ አስገብተሽበታል። በየቀኑ። እንዴት ብዬ ዓይንሽን ልይ? አሁንስ እንዴት ብዬ ልግባ? ዕዳውን ሳልጨርስ?"

"ዕዳውን እስክትጨርስማ ሁለታችንም መቃብር ነን።"

ፈገግ ሊል ሞከረ። አልሆነለትም።

"ሳንዱቹስ?" አልኩት። "ደህና ነበር?"

"ሰናፍጩ ይበዛ ነበር።"

ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። የቡናውን ሒሳብ ካልከፈልኩ ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር ተከራከረ፣ ከኪሱ ሳንቲም እየለቃቀመ ከፈለ። በር ላይ ቆምን። ና አላልኩትም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። በቤቱ አስራ መለሰችኝ እንዲል አልፈልግም። እሱ በድልድዩ በኩል ሄደ፣ እኔ በዳገቱ።

እሑድ፣ ማርች 30

ቤት አልመጣም። አልደወለም። ቤተ ክርስቲያን ግን ነበር፣ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ጋ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ቆየ። በር ላይ "ደህና ዋልሽ" አለኝ። "ደህና ዋልክ።" ይኸው ነው።

ሕጉ አትፋቱ ይላል እንጂ አብራችሁ እራት ብሉ አይልም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ደስቲን ደወለ። ሮጥኩ። "የለም" አልኩት። "ወረቀቱ ደረሰዎት ወይ?" አለኝ። "ደርሶኛል፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው" አልኩት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት? ኢርማ ብትሰማ ትኮራብኝ ነበር።

ዘግቼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ናፈቀኝ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው? ናፈቀኝ። ከሁለት ዓመቱ ይልቅ እነዚህ ሁለት ሳምንታት ከበዱኝ። ያኔ ጥሎኝ የሄደ ነበር የመሰለኝ። አሁን እንደሚወደኝ እያወቅሁ የለም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ሆሣዕና። ዘንባባ ይዘን ዞርን። ስመለስ ቼት ራዲያተሩ ጋ የለም። ደነገጥኩ። ለካ ከኔ ሁለት ወንበር ኋላ ነው። ሲዘምር ድምፁ እንደ ድሮው ከዜማው ይወጣል። ኢርማ በክርኗ ጎሸመችኝ። "በዚህ አያያዙ ለገና ካንቺ ወንበር ይደርሳል" አለች።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ዛሬ የፋሲካው ምግብ ቅርጫት የሚባረክበት ቀን ነው። ዳቦው፣ እንቁላሉ፣ የአሳማ ሥጋው፣ ጨው። ከዚያ በበግ ቅርጽ የሚሠራው ቅቤ። የቅቤውን በግ የሚቀርጸው ቼት ነበር። ሁልጊዜ። በግ ግን አይመስልም፣ ውሻ ነው የሚመስለው። አንድ ዓመት አባ ሲባርኩት "ይህ አሳማ ነው?" ብለው ጠይቀዋል። እሱ ከሄደ ወዲህ በቅርጽ የተሠራ ከሱቅ እገዛለሁ። ልክ በግ ነው የሚመስለው። ልበላው አልችልም።

ዘንድሮ አልገዛሁም። ቅቤውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። ራሴ ልሞክር? ቢላዋ አነሳሁ።

የጓሮው በር ተንኳኳ።

ቼት። ከረጢት ይዟል። የሄደበት ከረጢት። እጁን ታጥቧል፣ ጥፍሩ ሥር ግን ጎማው አልለቀቀም።

"ቁልፍ እያለህ ምን ታንኳኳለህ?"

"እንደ ሌባ ሰተት ብዬ ልግባ?" ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠረገ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። "ዕዳው አላለቀም።"

"አልጠየቅሁህም።"

"ገና ብዙ አለ። ልደብቅሽ አልፈልግም። የሚመጣው ወረቀት ሁሉ አንቺ ፊት ይከፈታል።"

"እሺ።"

"ደግሞ ለቤቱ ብዬ አይደለም የመጣሁት። ለቤቱማ እዚያ ስታሽ ጋ ሆኜም ባልሽ ነኝ፣ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

ቼት እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አይደለም። ላግባሽ ብሎ የጠየቀኝ ቀን እንኳ "ከተጋባን ኪራይ ይቀንሳል" ነው ያለው። ከረጢቱን መሬት አስቀመጠና ፦

"ናፈቅሽኝ" አለኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ግን እኔም እንደሱ ነኝ፣ አፌ አይታዘዝም። "ቅቤው እየቀለጠ ነው" ብዬ ቢላዋውን ሰጠሁት።

ቁጭ ብሎ ቀረጸ። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እንደ ድሮው። ለዓይኑ ሁለት ቁንዶ በርበሬ አቀበልኩት። አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩለት። ውሻ። ቁጭ ያለ ውሻ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ኢርማ ቅርጫቱን አየች፣ ቼትን አየች፣ አፏን ከፈተች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ማሞቂያው ማንኳኳት ጀምሮ ነበር። ቼት ወረደ። አንድ ቡጢ ተሰማኝ። ዝም አለ።

ከሰዓት ሳህን እያጠብኩ ስልኩ ጮኸ። ቼት ከሳሎን፦

"ላንሳው?"

ቆምኩ። እግሬ አልሮጠም። ደነቀኝ። ማን ይሆን አላልኩም።

"ተወው" አልኩት። "የምጠብቀው ሰው የለም።"

ጮኾ ጮኾ አበቃ። እጄን አደራርቄ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔቱን አነሳሁ። አትደውሉልኝ የሚለው ደብዳቤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ደረስኩ።